የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሕይወትና ሳይመለስ የቀረው የሕክምና መብት ጥያቄ

ከአያት ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የከተማ ባቡር መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኛ የአያት ልጆች ይህን ስም ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። ሜሪን፣ ሲ ኤም ሲን፣ መገናኛን፣ ስታዲየምን፣ ሜክሲኮን አልፈን ልደታ ላይ ስንደርስ ግማሹ ሰው ወርዷል፤ መጨረሻ ድረስ የሚሄደው ጉዳይ ያለው ብቻ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ጉዳይ አለን። እህቴ በልጅነቷ በያዛት ፖሊዮ ምክንያት ግራ እግሯ ስለተጎዳ በብረት ድጋፍ ነው የምትራመደው። ድጋፉ ሲላላ ጦር ኃይሎች ወርደን፣ ከዚያ ታክሲ ይዘን ወደ ዘነበወርቅ እንሄዳለን።

እነዚህ ሁለት የሰፈር ስሞች የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ የተረዳሁት ለዚህ ጽሑፍ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጦር ኃይሎች ያለው ትልቁ ሆስፒታል በመጀመሪያ ስሙ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ዘነበወርቅ ደግሞ የልዕልት ፀሐይ ታላቅ እህት ናቸው። ሁለቱም ወጣት ሳሉ፣ ባለትዳር ሆነው፣ ከአዲስ አበባ ርቀው ሞቱ። ሁለቱም በሞታቸው ሐኪም ቤት ተሰየመላቸው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ታናሺቱ ናቸው፤ ምክንያቱም ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው የሕክምና ባለሙያ ነበሩ።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ (በኋላ እቴጌ) መነን አስፋው ናቸው። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ ልጅቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቅ እህታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ከደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ጋር ተጋብተው ወደ ትግራይ ከሄዱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ መቀሌ ላይ አረፉ። (ባልየው በኋላ ወረራው እንደተጀመረ ለጣሊያን የገቡት ሰው ናቸው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።) ከከተማው በስተ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚሲዮናውያን የተቋቋመው ሐኪም ቤት በሟቿ ልዕልት ስም ተጠራ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ አለርት ተቋቋመ። ዛሬ ሆስፒታሉን ሁሉም አለርት ይለዋል፤ ሰፈሩን ግን ማንም ሰው ዘነበወርቅ ነው የሚለው።

እንግዲህ ልዕልት ፀሐይ የእህታቸውን ሞት ያዩት በልጅነታቸው ነው። ይህ ወደ ነርስነት ገፋፍቷቸው ይሆን? እንዲህ ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፤ እኔ ግን አልደመድምም። ይበልጥ የሚታየው የጦርነቱ ነገር ነው። የፋሺስት ጦር ድንበር ላይ ሲከማች በአዲስ አበባ የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ የመኳንንቱ ሴቶች ፋሻ ማዘጋጀት፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል መስፋት ጀምረው ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልዕልትም ከሠራተኞቹ አንዷ ነበሩ። የተሰፋው ጭምብል ከጋዙ ብዛት ጋር ሲነፃፀር ምን ያህል እንደጠቀመ ማሰብ ያሳዝናል። የሰናፍጭ ጋዙ የገደለው ገድሎ የቀረውን ዓይኑን አጠፋ፣ ቆዳውን አቃጠለ፣ ሳንባውን ጎዳ። ስለ አድዋም ሆነ ስለ ማይጨው ስንማር የሞተውን ቆጥረን የምናልፈውን ያህል፣ አካሉ ጎድሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው በኋላ እንዴት ኖረ ብለን አንጠይቅም።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የንጉሡ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ጋር እንግሊዝ ሲገቡ ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላቸውም። እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ አንዳንዴ የአባታቸው አስተርጓሚ ይሆኑ ነበር። የኢትዮጵያን ሁኔታ በማስረዳት ለእንግሊዝ ሴቶችም መልእክት አስተላልፈዋል። ቤተሰቡ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ሲቀመጥ እሳቸው ግን እዚያ አልቆዩም። ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስ ተማሪነት ገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ነርስ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈልጋል። አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መወልወል፣ የሕመምተኛ ሽንትና ሰገራ ማንሳት፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር፣ ለኃላፊዋ ነርስ ቀጥ ብሎ መታዘዝ ነው። በአገራችን ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው የራሱን እጅ እንኳ የሚያስታጥብለት አለ። አገር አጥቶ የተሰደደ የንጉሥ ልጅ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሌላ መንገድም አያጣም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን ሦስት ዓመቱን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያ በኋላ አጠቃላይ የነርስነት ትምህርት ለመቀጠል ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። ያን ጊዜ ለንደን በጀርመን አውሮፕላን ትደበደብ ነበር።

የተማሩበት የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ እሳቸው በነበሩበት ጊዜም በሕዝብ መዋጮ የሚተዳደር ተቋም ነበር። እንግሊዝ እንኳ በዚያን ጊዜ ሕክምናን ለዜጋው ሁሉ እንደ መብት አልሰጠችም ነበር ማለት ነው። ድሀው የሚታከመው ሀብታሙ ሲያዋጣ ነው። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1948 የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሲቋቋም ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ሁሉ አቀፍ መግለጫን ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። የመግለጫው አንቀጽ 25 ሕክምናን ከምግብና ከመጠለያ ጎን ያስቀምጠዋል፤ በሕመምና በአካል ጉዳት ጊዜ ዋስትና ማግኘትንም ይጨምራል። ልዕልቲቱ ግን ይህ ከመሆኑ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተዋል።

ከድሉ በኋላ ልዕልት ፀሐይ ሙያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አብይ አበበን አገቡ። ኮሎኔሉ የወለጋ አስተዳዳሪ ሆነው ስለተሾሙ ባልና ሚስቱ ወደ ነቀምት ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ እዚያው አረፉ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም።

ብዙዎች በወሊድ ሞቱ ብለው ይጽፋሉ። ሠርጉ ሚያዝያ፣ ሞቱ ነሐሴ ከሆነ ግን ወሩ የሞላ ወሊድ ሊሆን አይችልም፤ ከእርግዝና ጋር በመጣ ችግር ሞቱ ማለት የተሻለ ነው። ለማንኛውም ልዩነቱ ሐዘኑን አይቀንሰውም። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የወለጋ ነሐሴ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና የሚቆምበት ወር ነው። ከወረራው በፊት የስዊድን ሚሲዮናውያን በነቀምት የሕክምና ሥራ ጀምረው ነበር፤ አምስቱ የጠላት ዘመን ግን በአገሪቱ የነበረውን ጥቂት የጤና አገልግሎት አናግቶታል። የደም ባንክ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። በአጭሩ፣ ለንደን ላይ የሌላውን ልጅ ሲያስታምሙ የኖሩ ነርስ፣ እሳቸው በታመሙ ጊዜ የሚያድናቸው ሕክምና አጠገባቸው አልነበረም። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት፣ ባላቸው አገረ ገዢ ነበሩ። ሥልጣኑ፣ ገንዘቡ፣ የሰው ብዛቱ ሁሉ ነበር።

በዚያው ዓመት በዚያው ክፍለ ሀገር በተመሳሳይ ምክንያት የሞቱትን የገበሬ ሚስቶች ስም የጻፈ የለም። እኔ የልዕልቲቱን ሕይወት ለዚህ ርዕስ የመረጥኩት ንጉሣዊ ስለሆኑ አይደለም፤ የሳቸው ሞት ስለተመዘገበ ነው።

አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር አረፈ። ሐዘኑ ለንደን ሲደርስ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት ለመታሰቢያቸው ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ዘመቻ ጀመሩ። ሲልቪያ ቀድሞ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው የታሰሩ፣ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘጋጁ ሴት ናቸው። ሎርድ ሆርደር የተባሉ ታዋቂ የእንግሊዝ ሐኪም ኮሚቴውን መሩ። ገንዘብ መለመን፣ ዕቃ ማሰባሰብ፣ ሰው ማግባባት ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1944 ዓ.ም. ተከፈተ። ከሆስፒታሉ ጋር የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። መስከረም 1953 ዓ.ም. ሲያርፉም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል። እነሱ እንደሚሉት ሆስፒታሉ መሠራት የነበረበት ልዕልቲቱ የሞቱበት ነቀምት ነበር። እኔ ደግሞ ነርስ የሚያሠለጥን ተቋም ዋና ከተማ ላይ መጀመሩ ያን ጊዜ ብልህነት ነበር እላለሁ፤ ነርስ ሳይኖር ነቀምት ላይ ግድግዳ ማቆም ምን ይጠቅማል? ይሁን እንጂ የነሱ ክርክር ውስጥ አንድ የማልክደው ነገር አለ። በመታሰቢያና በበጎ አድራጎት የሚሠራ ሕክምና የሚቆመው ሰጪው በመረጠው ቦታ፣ ሰጪው ባሰበው ሰው ልክ ነው። ተቀባዩ አመስግኖ ይቀበላል እንጂ ለምን እኛ ጋ አልሆነም፣ ለምን በሩ ለእኔ ጠበበ ብሎ መጠየቅ አይችልም።

የሆስፒታሉን ታሪክ ከአካል ጉዳት ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ግን በ1951 ዓ.ም. የሆነው ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ አይተው፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ከአውስትራሊያ መጡ። እዚያ ያገኟቸው ሕመምተኞች በአገራቸው በተግባር አይተዋቸው የማያውቁ ነበሩ፤ የፊስቱላ ታካሚዎች።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ምጥ ለቀናት ሲጠናና ልጁ መውጣት ሲያቅተው ጭንቅላቱ የእናትየውን የሽንት ፊኛ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ የእግሯ ነገር ነው። ያው ጫና ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ስለሚጎዳ እግሯ አልታዘዝ ይላታል፤ ከሰው ተሸሽጋ ተኮራምታ ለወራት ስትተኛ ደግሞ መገጣጠሚያዋ ይደርቃል። ስለዚህ በደህና እግሯ ምጥ የያዛት ልጅ አካል ጉዳተኛ ሆና ትነሳለች። ጉዳቱ አብሯት አልተወለደም፤ የመጣው አዋላጅና ቀዶ ሐኪም በጊዜው ባለመድረሱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በሽታ የጠፋው እናቶቹ በተፈጥሮ ስለተሻሉ ሳይሆን በምጥ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ስለደረሰላቸው ነው።

ይህች ሴት ከገጠር ተነስታ አዲስ አበባ ብትደርስ እንኳ ሌላ ግድግዳ ይጠብቃታል። በአውቶቡስ ሽታው ምክንያት ያስወርዷታል፤ ክፍል ውስጥ ሌሎች ሕመምተኞች አብረዋት መተኛት አይፈልጉም። ሐምሊኖች በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ለነዚህ ሴቶች ለብቻ ማረፊያ ያሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ከገጠር የመጡት ማሚቱ ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው መጀመሪያ አልጋ በማንጠፍ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል በመርዳት ሙያውን በእጃቸው ለመዱና ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሜዳሊያ ከሐምሊኖች ጋር ተሰጣቸው። የመደበኛ ትምህርት ዕድል ያላገኙ ሴት ናቸው፤ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ለእህቴ ነገርኳት።

ሐምሊኖች በ1967 ዓ.ም. የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1985፣ ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እዚሁ አርፈዋል። እስካሁን ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በተቋማቸው ታክመዋል። በዚያው በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የልዕልት ፀሐይ ባል የነበሩት ሌተና ጄኔራል አብይ አበበ ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ከአብዮቱ በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። የልዕልቲቱ ስም ከበሩ ላይ ወረደ። ታላቅ እህታቸው በሰፈር ስም ሲተርፉ እሳቸው በባቡር ፌርማታ ስም እንኳ አልተረፉም። በስሙ መለወጥ አልከራከርም፤ በጦርነት እግሩንና ዓይኑን ያጣ ወታደር የሚታከምበት ቦታ መሆኑም ለነርሷ የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ለመጠበቅ ሴቶች መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። አቅም በፈቀደ መጠን የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ነገር የሚያመልጠው በሷ በኩል ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና፣ የሥነ ተዋልዶ ጤናን ጨምሮ፣ በነፃ ወይም በሚችሉት ዋጋ እንዲያገኙ ያስገድዳል። አገልግሎቱ በተቻለ መጠን በሚኖሩበት አካባቢ፣ ገጠርም ቢሆን፣ መሆን እንዳለበትም ይናገራል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ነሐሴና ነቀምት ነው የታወሰኝ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር።

ለነገሩ ሕጉ ስለ መግቢያው ይናገር እንጂ ችግሩ ከበሩ ወዲያም አለ። እህቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለክትትል የምትሄደው በእኛው በምሥራቁ ክፍል ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። መግቢያው ላይ መወጣጫ ራምፕ አለው፤ ተሠርቷል፣ ደህና ነው። የመመርመሪያው አልጋ ግን ከወገቧ በላይ ነው። በአንድ እግሯ ቆማ፣ የብረት ድጋፉን ፈትታ፣ ሆዷን ይዛ በትንሽዬ መርገጫ እንድትወጣ ይጠበቅባታል። መጀመሪያ የሄደች ቀን አልጋው ላይ መውጣት አቅቷት ቁጭ ባለችበት ብቻ ተመርምራ መጣች። የመረመረቻት ባለሙያ ክፉ ሰው አይደለችም። ነገር ግን በዚህ ሁኔታዋ ለምን ማርገዝ እንዳስፈለጋት ጠየቀቻት፤ ከዚያም ባል እንዳላት ጠየቀቻት። እህቴ መልስ አልሰጠችም። ቤት መጥታ ነው ያለቀሰችው።

ልዕልት ፀሐይ የት እንደተማሩ፣ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ፣ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ለእህቴ ያነበብኩላት ከዘነበወርቅ ስንመለስ ባቡር ውስጥ ነው። ጠጋኙ ድጋፉን ጥሩ አድርጎ አጥብቆላት ስለነበር ደስ ብሏት ነበር። ሜክሲኮን እስክናልፍ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ለንደን የነበረው አልጋ ቁመቱ ስንት እንደነበር። እኔም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ክላስ አለኝ፤ ቢሆንም እሷን ደግፌ አልጋው ላይ ለማውጣት አብሬያት እሄዳለሁ።